«ኔትወርክ የለም» መልስ ነውን? በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን የግንኙነት ብልሽትን ለይቶ ማወቅና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት

መግቢያ

አገልግሎት ፈላጊው ሕዝብ በየመስኮቱ ከሚሰማቸው መልሶች መካከል «ሲስተም የለም» እና «ኔትወርክ የለም» የሚሉትን ያህል የተለመዱት ጥቂት ናቸው። መልሱ አጭር ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ይህን መልስ የሚሰማው የከተማዋ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከተሁለደሬና ከአምባሰል ቀበሌዎች ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ፣ ልጁ ከሩቅ አገር የላከለትን ገንዘብ ሊቀበል ወይም ጉዳዩን ሊያስፈጽም የመጣ ገበሬም ይሰማዋል። ለእርሱ ይህ መልስ የአንድ ቀን ሥራ መታጎል፣ አንዳንዴም የማደሪያ ወጪ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው «ኔትወርክ የለም» የሚለው አነጋገር የብልሽት ስም አይደለም በማለት ነው። አነጋገሩ በጠባያቸው የተለያዩ በርካታ ብልሽቶችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ቦታው ያልተለየ ብልሽት ደግሞ ባለቤት የለውም። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጥፋቱን ከመስመሩ ላይ ይጥላል፤ የመስመሩ ባለቤት የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ይጠረጥራል፤ ባለጉዳዩ በሁለቱ መካከል ባዶ እጁን ይመለሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተለየ ብልሽትም ጠጋኝ አይገኝለትም።

ብልሽትን ለይቶ «እዚህ ነው» ለማለት የሚችል ባለሙያ ማፍራት በመጀመሪያ ደረጃ የዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊነት ነው። ለዚህም በደቡብ ወሎም ሆነ በተመሳሳይ አካባቢዎች በአነስተኛ ወጪ ሊገኝ የሚችለው ቤተ ሙከራ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ሆኖም ቨርቹዋል ማሽኑ ዛሬ በአብዛኛው የሚያገለግለው «ሊኑክስን መጫን» ለሚባለው ልምምድ ብቻ ነው። ጭነቱ ተሳክቶ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ተማሪው ማሽኑን ይሰርዝና እንደገና ይጭናል። የትምህርቱ ዋና ክፍል መጀመር የሚገባው ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ነበር።

ቨርቹዋል ማሽን ለምን?

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ ኮምፒውተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ እንግዳ ይባላል። በተማሪዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ቨርቹዋልቦክስ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የተካተተው ኬቪኤምም ከርነሉን የተቀላቀለው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱንም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ለኔትወርክ ትምህርት ያላቸው ጥቅም እንዲህ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ እውነተኛ ግንኙነት ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ተነሥቶ በገመድ፣ በስዊች፣ በራውተርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋ መስመር አልፎ እስከ አገልግሎት ሰጪው ጣቢያ ይደርሳል። ተማሪ ይህን ሁሉ ከፍቶ ሊያይ አይፈቀድለትም። በቨርቹዋል ማሽን ግን የኔትወርክ ካርዱም፣ ገመዱም፣ ስዊቹም፣ ራውተሩም በሶፍትዌር የተሠሩና በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ የተሰበሰቡ ናቸው። እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ መፈተሽ፣ አውቆ ማበላሸትና መልሶ ማስተካከል ይቻላል፤ በዚህም የሚጎዳ ባለጉዳይ አይኖርም።

እንግዳው ማሽን ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። የሐይቅን ምድር ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነታቸውን በአካባቢው ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። «ውስጣዊ ኔትወርክ» የሚባለው አሠራር ታንኳ የሌለውን ደሴት ይመስላል፤ በውስጡ ያሉት ማሽኖች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ከውጭ የሚገባም ወደ ውጭ የሚወጣም የለም። «ብሪጅ» የሚባለው ደሴቱ ከየብስ ጋር እንደ ተያያዘበት እንደ ዛሬው ሁኔታ ነው፤ እንግዳው ማሽን በኔትወርኩ ላይ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር በራሱ አድራሻ ይታወቃል። «ናት» የሚባለው ደግሞ በታንኳ ቀዛፊ እንደሚላክ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በየብስ ላይ የሚታወቀው በቀዛፊው ስም ነው፤ መልሱም በእርሱ በኩል ይመለሳል። ከየብስ ተነሥቶ የደሴቱን ነዋሪ በቀጥታ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ካልተስማማ በቀር መንገድ አያገኝም።

ይህን ያልተረዳ ተማሪ በ«ናት» ላይ ያለ እንግዳ ማሽን ኢንተርኔት እያገኘ ከአስተናጋጁ ለምን እንደማይገኝ ግራ ይገባዋል። ብልሽት ያለ ይመስለዋል፤ ማሽኑ ግን የተባለውን በትክክል እየሠራ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ማሽኑ ምን እንዲያደርግ ታዞ እንደነበር ማወቅ ነው፤ ያልታዘዘውን አለማድረጉ ብልሽት አይባልም።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

የግንኙነት ብልሽትን የመለየት ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በደረጃ የሚሰጥ ነው፤ ንባብ ያልወጣለት ተማሪ ቅኔ ቤት አይገባም። በኔትወርክም እንዲሁ የታችኛው ደረጃ ሳይረጋገጥ ስለ ላይኛው መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። ቅደም ተከተሉ በስድስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ጥያቄ፦ ካርዱ አለን? ገመዱስ ተሰክቷል? በቨርቹዋል ማሽን ገመድ ባይኖርም በቨርቹዋልቦክስ ቅንብር ውስጥ «ገመዱ ተሰክቷል» የሚል ምልክት አለ፤ ምልክቱ ከተነሣ ማሽኑ ገመዱ እንደ ተነቀለበት ኮምፒውተር ነው። በእንግዳው ውስጥ ‹አይፒ ሊንክ› የሚለው ትእዛዝ ካርዱ መኖሩንና መነሣቱን ያሳያል።

ሁለተኛው፦ ማሽኑ አድራሻ አግኝቷል? ‹አይፒ አድሬስ› የሚለው ትእዛዝ ይህን ይመልሳል። በቨርቹዋልቦክስ «ናት» ላይ ያለ እንግዳ በአብዛኛው 10.0.2.15 የተባለውን አድራሻ ያገኛል፤ በሊኑክስ አስተናጋጅ ላይ በኬቪኤም ነባሪ ኔትወርክ የሚሠራ ደግሞ በ192.168.122 ከሚጀምሩት አድራሻዎች አንዱን ይይዛል። አድራሻ ከሌለ ጥፋቱ አድራሻ በሚያድለው ዲኤችሲፒ ወይም በእንግዳው ቅንብር ላይ ነው፤ ስለ ኢንተርኔቱ ለመነጋገር ገና ነው። የኬቪኤም ነባሪ ኔትወርክ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ እንዲነሣ ካልታዘዘ ተኝቶ ይቆያል፤ እንግዳውም ያለ አድራሻ ይቀራል። ጥፋቱ ያለው በአስተናጋጁ ሆኖ ሳለ ተማሪው ሲደክም የሚውለው በእንግዳው ውስጥ ነው።

ሦስተኛው፦ መውጫ በር አለን? ‹አይፒ ራውት› የሚለው ትእዛዝ ነባሪውን ጌትዌይ ያሳያል። አድራሻ ኖሮ ጌትዌይ የሌለው ማሽን ጎረቤቱን ያነጋግራል እንጂ ከሰፈሩ አይወጣም። አራተኛው፦ ጌትዌዩ ይመልሳልን? አምስተኛው፦ ከጌትዌዩ አልፎ በቁጥር የሚታወቅ የሩቅ አድራሻ ጋር መድረስ ይቻላልን? እዚህ ላይ ከተቋረጠ ጥፋቱ በአስተናጋጁ ፋየርዎል፣ በግቢው ራውተር ወይም በአገልግሎት ሰጪው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል፤ አስተናጋጁ ራሱ ውጭ መድረሱን በመፈተሽ ሁለቱን ወገኖች መለየት ይቻላል።

ስድስተኛው፦ ስም ወደ ቁጥር ይለወጣልን? ይህ የዲኤንኤስ ሥራ ነው። በቁጥር እየደረሰ በስም የማይደርስ ማሽን ኔትወርክ አለው፤ የጎደለው የአድራሻ ማውጫው ነው። በድረ ገጽ መክፈቻ ላይ ግን ሁለቱ ብልሽቶች ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ለተጠቃሚው ሁለቱም «ኔትወርክ የለም» ናቸው።

ከእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች በላይ የሚቀመጥ ሌላ ደረጃም አለ፤ መልእክቱ ደርሶ ሁለቱ ወገኖች ሳይግባቡ የሚቀሩበት። በአምባሰል ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። ወረቀቱ በሁለቱም ወገኖች እጅ ነበረ፤ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂዎች ግን አንድ ነገር አይናገሩም ነበር። በኮምፒውተርም ግንኙነቱ ተሟልቶ፣ መረጃው ደርሶ፣ የምስክር ወረቀት ወይም የፕሮቶኮል ስሪት ባለመስማማቱ ብቻ አገልግሎቱ ሊከለከል ይችላል። መድረስና መግባባት የተለያዩ ናቸው፤ ለየብቻቸው መፈተሽም አለባቸው።

አንድ ማሽን በሁለት ከተማ

የዚህን ቅደም ተከተል ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር አንድ ተማሪ አለ እንበል። በቤተ ሙከራው ላፕቶፑን በገመድ አገናኝቶ ቨርቹዋል ማሽኑን በ«ብሪጅ» አዋቅሯል፤ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ወደ ሐይቅ ይመለሳል፤ ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ያገናኛል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ያገኛል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ግን አያገኝም። ተማሪው «የሐይቅ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ለሰሚው አሳማኝ ነው፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ራሱ እያስተባበለው ነው።

በቅደም ተከተሉ ቢሄድ ከሁለተኛው ጥያቄ አያልፍም ነበር፤ እንግዳው ማሽን አድራሻ የለውም። ለምን ቢባል ብሪጁ የተያዘው ከገመድ ካርዱ ጋር ነው፤ በሐይቅ ግን በዚያ ካርድ ላይ የተሰካ ገመድ የለም። ብሪጁን ወደ ዋይፋይ ካርዱ ቢያዛውረው እንኳ ሥራው ላይሰምር ይችላል፤ ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ከአንድ ካርድ ከአንድ በላይ የማክ አድራሻ ሲመጣ አይቀበሉምና። መፍትሔው ቅንብሩን ወደ «ናት» መለወጥ ብቻ ነው፤ የሚፈጀውም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያለዚህ ዕውቀት ግን የዕረፍቱ ጊዜ በሙሉ ያለ ልምምድ ያልፋል፤ የሐይቅ መስመርም ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ይቀራል።

አሳሳች ምልክቶች

ቅደም ተከተል ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ምልክትን በትክክል መተርጎምም ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት በተማሪዎች ዘንድ በቀላሉ ለስሕተት የሚዳርጉ ናቸው።

የመጀመሪያው የ‹ፒንግ› ነገር ነው። ‹ፒንግ› መልስ ካላመጣ ግንኙነት የለም ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ሆኖም ብዙ ፋየርዎሎች የ‹ፒንግ›ን ጥያቄ ዝም ብለው ያልፉታል፤ በኪው-ኢሙ የተጠቃሚ ደረጃ ኔትወርክ ላይም ድረ ገጽ በትክክል እየተከፈተ ‹ፒንግ› ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ የ‹ፒንግ› መልስ መምጣት ማስረጃ ሲሆን፣ አለመምጣቱ ግን ሌላ ምርመራ የሚጠይቅ ጥርጣሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተቀዳ ማሽን ነው። መምህሩ አንድ ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጅቶ ለክፍሉ በፍላሽ ያድላል፤ የሁሉም ማሽን መታወቂያ ቁጥር አንድ ይሆናል። በአዳዲስ የኡቡንቱ ሰርቨር ስሪቶች አድራሻ የሚጠየቀው ከዚህ መታወቂያ በሚመነጭ መለያ ስለሆነ፣ የማክ አድራሻው ተለውጦ እንኳ ሁለት ማሽኖች ከአንድ ዲኤችሲፒ አንድ አድራሻ ሊሰጣቸው ይችላል። ግንኙነቱም አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ያስቸግራል። በአንጻሩ በቨርቹዋልቦክስ «ናት» ላይ ሁለት ማሽኖች 10.0.2.15 የተባለውን አንድ አድራሻ ይዘው ቢታዩ ምንም ጥፋት የለም፤ ሁለቱ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ናቸውና። አንዱ ምልክት በአንድ ስፍራ በሽታ፣ በሌላው ጤና ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛው በተለይ የኢትዮጵያ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ተጠቃሚ ማሽኑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ካርዱም፣ አድራሻውም፣ ጌትዌዩም፣ ዲኤንኤሱም ደኅና ሆነው ድረ ገጾች የደኅንነት የምስክር ወረቀታቸው «ጊዜው ገና አልደረሰም» ተብሎ አይከፈቱም፤ የኡቡንቱ የሶፍትዌር ማውጫም በተመሳሳይ ምክንያት አዲስ ጥቅል አልቀበልም ይላል። ለቀናት ተኝቶ የቆየ ቨርቹዋል ማሽን ሲነቃም ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል። ጥፋቱ የሰዓት እንጂ የኔትወርክ አይደለም።

አራተኛው ያረጀ የትምህርት ጽሑፍ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ የልምምድ ጽሑፎች ‹ኢፍኮንፊግ› የሚለውን ትእዛዝ ያስተምራሉ፤ በአዳዲስ የኡቡንቱና የዴቢያን ስሪቶች ግን ይህ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ተጭኖ አይመጣም። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የኔትወርክ ቅንብሩን በኔትፕላን ስለሚያነብ፣ በድሮው ፋይል ላይ የተጻፈ ቅንብር በአዲስ ማሽን ላይ አይሠራበትም። ተማሪው ትእዛዙ አልገኝ ሲለው ኔትወርኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የጎደለውን ትእዛዝ ለመጫን ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው የተሻሻለ የማስተማሪያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

አምስተኛው የጎረቤት ሶፍትዌር ነው። ዶከር በሊኑክስ አስተናጋጅ ላይ ሲጫን በፋየርዎሉ የማስተላለፊያ ሰንሰለት ላይ «ያልተፈቀደው ሁሉ ይከልከል» የሚል ደንብ ሊያኖር ይችላል። ትናንት በብሪጅ ይሠራ የነበረው የኬቪኤም እንግዳ ዛሬ ምንም ሳይነካ ዝም ይላል። «ምንም አልነካሁም» የሚለው የተማሪው ቃል እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን «ከትናንት ወዲህ በአስተናጋጁ ላይ ምን ተጨመረ?» ተብሎ መነሣት ነበረበት።

የሚሰጠው ትምህርትና የሚፈለገው ትምህርት

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፤ አንዳቸውም ትእዛዝን በቃል በመያዝ አይፈቱም። ይሁን እንጂ የኔትወርክ ትምህርት ምዘና በአብዛኛው የቃል ይዞታን የሚለካ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቅድመ ምረቃ ፕሮግራሞች በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የተዘጋጀ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን ይህ አሠራር የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ፈተናው የሚለካውን ብቻ ማስተማር ከተለመደ፣ የጌትዌይን ትርጉም ከአራት አማራጮች መርጦ የሚያውቅ፣ የጠፋ ጌትዌይን ግን ፈልጎ የማያገኝ ተመራቂ ይበዛል።

በሌላው ዓለም ያለ ልምድ የተለየ መንገድ እንዳለ ያሳያል። የሬድ ሃት ኩባንያ ለሊኑክስ ባለሙያዎች የሚሰጠው ፈተና ተፈታኙን በሚሠራ ሲስተም ፊት አስቀምጦ ሥራ ያሠራዋል፤ በፈተናው ሰዓት ኢንተርኔት አይፈቀድም፤ ተፈታኙ የሚረዳው በሲስተሙ ውስጥ ባሉት የመመሪያ ገጾች ነው። ይህ አሠራር ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት አካባቢ የተፈጠረ ይመስላል፤ በሊኑክስ ውስጥ የሚገኙት የመመሪያ ገጾች ያለ ምንም ግንኙነት ይነበባሉና።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ያቀርባል። አንደኛ፣ በኔትወርክ ኮርሶች የተግባር ክፍል ውስጥ «የተበላሸ ማሽን» የሚባል ልምምድ ይካተት። መምህሩ አንድ ጥፋት ያለበት ቨርቹዋል ማሽን ያዘጋጃል፦ ጌትዌዩ የጠፋ፣ ሰዓቱ የተዛባ፣ የኔትፕላን ፋይሉ በአንድ ባዶ ቦታ የተሳሳተ። ተማሪው ጥፋቱን ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ነጥቡ ለመጠገኑ ብቻ ሳይሆን ለሄደበት መንገድ ይሰጥ። ተማሪው ምን እንደ ጠረጠረ፣ በምን እንደ ፈተነ፣ ምን እንዳየ፣ ከዚያም ምን እንደ ሰረዘ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ማሽኑን ሰርዞ እንደገና የጫነ ተማሪ ማሽኑ ቢሠራለትም ነጥብ አያገኝ፤ ያጠፋው ብልሽቱን ሳይሆን ማስረጃውን ነውና። ሦስተኛ፣ ትምህርት ክፍሎች የሊኑክስን ሶፍትዌር ማውጫ ቅጂ በግቢያቸው ሰርቨር ላይ ያኑሩ፤ አንዴ የወረደው ለሁሉም ይዳረስ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የተማሪዎች ላፕቶፕ አቅም ነው። አራት ጊጋ ባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሁለትና ሦስት ማሽን ማስነሣት ያስቸግራል መባሉ እውነት ነው። ሆኖም ለዚህ ልምምድ ግራፊክስ ያለው ሙሉ ኡቡንቱ አያስፈልግም፤ አልፓይን ሊኑክስን የመሰለ ቀላል ስሪት በ128 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ሊነሣ ይችላል። ከዚህም ሲወርድ የሊኑክስ ከርነል ራሱ «ኔትወርክ ኔምስፔስ» በሚባለው አሠራር በአንድ ማሽን ውስጥ በርካታ የተለያዩ ኔትወርኮችን ያለ ተጨማሪ ማሽን ይፈጥራል፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሚኒኔት የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌርም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ቨርቹዋል ማሽን እውነተኛ ገመድና ስዊች አያስተምርም የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው፤ የገመድ ጫፍ አቆራረጥና የስዊች መብራት ንባብ በእጅ መለመድ አለባቸው። ነገር ግን ዕቃ ይጠፋል፣ ይሰበራል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ሐይቅን ባዳረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። በግዢ የሚተካ ቤተ ሙከራ ዓመታት ይፈጃል፤ በፍላሽ የሚያዝ ቤተ ሙከራ ግን ከመምህሩ ኪስ ይወጣል። ሁለቱ ተደጋጋፊዎች እንጂ ተተኪዎች አይደሉም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው፣ «ኔትወርክ በእርግጥ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የትኛውም የምርመራ ቅደም ተከተል መስመሩን ሊመልሰው አይችልም። ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ ሐሳቡን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በመጀመሪያ፣ ውስጣዊ ኔትወርክ ላይ የሚደረግ ልምምድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተቋረጠበት ወራትም ትምህርቱ ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ውጭው መስመር በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ የውስጥ ጥፋት ከውጭው ጀርባ ለመደበቅ ይመቸዋል። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ እንኳ በቢሮው ውስጥ ያለ የተሳሳተ ቅንብር «ያው ኔትወርኩ ነው» እየተባለ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ በእርግጥ የውጭ በሚሆንበት ጊዜ አቤቱታው ክብደት የሚያገኘው በማስረጃ ነው። «ኢንተርኔት አይሠራም» ብሎ የሚደውልና «ጌትዌዩ ይመልሳል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አይመልስም» ብሎ የሚደውል እኩል አይሰሙም። የኋለኛው ብልሽቱን ለባለቤቱ አስረክቧል።

መደምደሚያ

ሠራተኞችና ነጋዴዎች በቴሌብር ይገበያያሉ፤ ጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርታቸውን በዲኤችአይኤስ2 ይልካሉ፤ የባንክ ቅርንጫፎች ያለ ማዕከላዊ ሲስተም አንድ ብር አይከፍሉም። በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ያለ ትንሽ መሥሪያ ቤት ዛሬ በኔትወርክ የሚተዳደር ሆኗል። በዚያ መሥሪያ ቤት የሚቀመጠው ባለሙያ ትናንት በዩኒቨርሲቲ ቨርቹዋል ማሽን ሲጭን የነበረው ተማሪ ነው። ያኔ ማሽኑ ዝም ሲለው ሰርዞ መጫንን ከለመደ፣ በሥራው ላይ ሊሰረዝ የማይችል ሲስተም ሲገጥመው «ኔትወርክ የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይኖረውም። ስድስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅን ከለመደ ግን ቢያንስ ብልሽቱ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ይሁን በሌላው፣ በደቂቃዎች ይፈታ ወይስ ቀናት ይፍጅ፣ ለባለጉዳዩ በእርግጠኝነት ይነግረዋል።

ለባለጉዳዩ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይጠገናል» ወይም «መስመሩ ከደሴ ተቋርጧል፣ ዛሬ አይደርስም፣ ይሂዱ» የተባለ የአምባሰል ገበሬ ቀኑን በራሱ ፈቃድ ሊያዘው ይችላል። የኔትወርክ ትምህርት በመጨረሻ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ስለዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ብልሽትን መፈለግን ከኮርሱ ጠርዝ አንሥተው ወደ መካከሉ ሊያመጡት ይገባል።